በእናትህ የመቃብር ድንጋይ ላይ ያስጻፍኸው ስም

ልጄ ሆይ፣

በእናትህ መቃብር ላይ፣ እኔን ሳትጠይቅ፣ «የሥጋ በሊታው ሚስት» ብለህ አስቀረጽህ። በደልኸኝ። ይህን ሳልናገር ሰላምታ ማቅረብ አልሆነልኝም። እንዴት ሰነበትህ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ? እዚያ ሊድስ ከተማ ብርዱ ጠንቷል አሉ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ያንን ስም እንደምጠላ ታውቃለህ። ሃያ ሁለት ዓመት በወታደርነት አገልግዬ ነው ለለንደን ግንብ ዘበኝነት የበቃሁት። ሕዝቡ ግን የግንቡን ዘበኛ ሁሉ «ሥጋ በሊታ» ነው የሚለው፤ ጎብኚው «ሥጋ በሊታው፣ ፎቶ እንነሣ!» ባለኝ ቁጥር፣ «የግንቡ የክብር ዘበኛ ነው የሚባለው» እያልሁ አርሜአለሁ። ባልደረባዬ ኦስዊን «ተወው እንጂ ወንድሜ! በላን እንጂ አልሰረቅንም» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ቃለ መሐላ የፈጸምሁበትን ዕለት አንተ አታስታውሰውም። እንደ ወጉ ባልደረቦቼ ከበውኝ፣ ጽዋ አንሥተው፣ «ዘበኛ ሆነህ አትሙት!» ብለው መረቁኝ። በጥንት ጊዜ ሹመቱ የሚገዛ ነበር፤ ሳይሸጠው የሞተ ዘበኛ ለቤተሰቡ ምንም አያተርፍም ነበር። ምርቃቱ ከዚያ የቀረ ነው። እናትህም ጽዋዋን ይዛ ተነሣችና «ለሥጋ በሊታዬ!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። ቤት ስንገባ፣ ዳግመኛ በዚህ ስም እንዳትጠሪኝ አልኋት። «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲህ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

ስለዚህ ድንጋዩ የቆመ ዕለት «አባባ፣ እሷ ናት እንዲህ ጻፉልኝ ያለችው» ስትለኝ፣ ውሸታም ብዬህ ሄድሁ። ጽሑፉን የሚፍቅ ጠራቢም ቀጠርሁ።

ቅዳሜ ሥጋ ልገዛ ወጣሁ። እሷ ሳለች ሥጋ ቤት ገብቼ አላውቅም። በቀብሩ ላይ አይቶኝ የነበረው ባለ ሥጋ ቤቱ ዴስመንድ ገና ሲያየኝ «ኧረ ሥጋ በሊታው መጡ!» ብሎ ጮኸ። ማን ነው እንዲህ ብለህ ጥራው ያለህ አልሁት።

«ባለቤትዎ ናቸዋ! በየሳምንቱ 'ስቡን ቀንስልኝ፣ ለሥጋ በሊታዬ ነው' ይሉኝ ነበር። 'አደራ፣ እሱ ፊት እንዳትለው፣ በጦሩ ይወጋሃል' ብለው ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።»

ወረፋ የያዘችው ጎረቤታችን ወይዘሮ ማቪስም «እኔ እንኳ እውነተኛ ስምዎን ያወቅሁት በቀብሩ ዕለት ነው» አለችኝ።

የገዛሁትን ኩላሊት ይዤ ወጣሁ። አንድ ጣሪያ ሥር ያን ያህል ዘመን ኖረን፣ ያን ሳቋን ይዛ የምትሄደው ሥጋ ቤት ነበር። ቤት ገብቼ ኩላሊቱን አልቀቀልሁትም።

ሰኞ ጠራቢው መሮውን ይዞ መቃብሩ ዘንድ መጣ። «ጌታዬ፣ ከየትኛው ፊደል ልጀምር?» አለኝ። ወደ ቤትህ ሂድ አልሁት። «ሳልሠራ?» አለ። ሳትሠራ አልሁት። እሱ ከሄደ በኋላ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ቆየሁ።

ሳትጠይቀኝ ማድረግህ ዛሬም በደል ነው። ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ከእሷ ጽሑፍ በታች ለእኔ የተተወ ባዶ ቦታ አለ። ጊዜው ሲደርስ እዚያ ላይ የሚጻፈውን አንተ ምረጥ።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ለፋሲካ ብትመጡ አልጋው ተነጥፏል። ስለዚህ ነገር ግን በስልክም ሆነ ፊት ለፊት እንዳታነሣብኝ። እኔም ከእንግዲህ አንዲት ቃል አይወጣኝም።

አባትህ