ቀለበቱ በጣት ላይ

ለወንድሜ ለትዕዛዙ፤ ይህ ወረቀት በደኅና ይግባልህ።

የአዲስ አበባ ኑሮ እንዴት ይዞሃል? እኔም በጎቹም፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነን። በስልክ ነገሬን ሳልጨርስ ስለምትዘጋብኝ ነው በወረቀት የጻፍኩት።

በቴሌግራም ልትሸጠው ያሰብከውን የእናታችንን የብር ቀለበት ሦስት ጊዜ ፎቶ ባነሳልህ፣ ሦስቴም «ደብዝዟል» ብለህ መለስክብኝ። አራተኛውን እንዳልከኝ አደረግሁ። የስልኩን መስታወት ጠረግሁ፤ ፍላሹን አጠፋሁ። «መጠኑ እንዲታወቅ በጣት ላይ ይነሳ» ስላልክም፣ እማማን ደግፌ ለማለዳው ብርሃን ደጃፍ አወጣኋቸው። ድሮ በሳሙና እንኳ አልወልቅ ይል የነበረው ቀለበት ሁለቴ ወልቆ ወደቀ። ክር ጠምጥሜበት ፎቶውን አነሳሁት።

«ጎሽ፣ አሁን ጠራ! ቅርጹ ሁሉ ይታያል» አልከኝ። እውነትህን ነው። ጣታቸውም እንደ ቀለበቱ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ አንተ ግን ስለ ጣቱ አንዲት ቃል አልጻፍክም።

እማማ «ልጄ ፎቶውን ወደደው?» አሉኝ። «ወዶታል» አልኳቸው።

ከእንግዲህ ፎቶ አላነሳም። መጥተህ በገዛ እጅህ ከጣታቸው አውልቀው፤ ሳሙና አያሻህም።

አምላክ ሳይዘገይ ያገናኘን።

እህትህ ጥሩሸዋ፣ ከቀየት