ዶክተር ገመቹ ያልገደለው ውሻ

በቀለ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የጤና ጥያቄ ይቀድማል። አንተን ግን ጤናህ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅህም፤ ከጤናም ከሕመምም ካረፍክ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖሃል። የመጀመሪያውን ዓመት በየሳምንቱ መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ ስንቱን አወራሁህ። ላለፉት ሁለት ወራት ግን ቀርቻለሁ። አሞኝ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። ፊትህ ቆሜ ልናገረው ሞክሬ ቃሉ አልወጣ ስላለኝ፣ ልጃችን ዮናስ ጀምሮ በተወው ደብተር ላይ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልህ። የሥራ ቦታህን ዮናስ ይዞታል። መጋዝህንም መላጊያህንም አልሸጥንም። እጁ እንዳንተ ባይረጋም፣ ባለፈው ለመካኒሳ አቦ ሙሽሮች የሠራው ቁም ሳጥን በሩ ሲዘጋ ድምፅ አላሰማም። ደስ ብሎት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። በስተፉሪ ያለው መስክ እየተሸነሸነ ቤት እየተሠራበት ነው። ጓዳው በክረምት አሁንም ያፈሳል። አይጥ ሲያስቸግረን ዮናስ ድመት አመጣ፤ ከአንተ ጋር ያቀያየመችኝም ይቺው ድመት ናት።

ሻሞን መቼም አልረሳኸውም። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ለዘበኛቸው ጥለውት ከሄዱት ዘር የተወለደ፣ ጆሮው የቆመ፣ ጀርባው የጠቆረ ቡችላ በጋቢህ ጠቅልለህ ያመጣህ ዕለት፣ ዮናስ "ሻምበል" ብሎ ስም አወጣለት። አንተ ደንግጠህ፣ "ልጄ፣ በዚህ ዘመን ሻምበል ተቀመጥ፣ ሻምበል ውጣ እያልክ ስትጮህ የሰማ ሰው ምን ይለናል?" አልክና ሻሞ አደረግከው። ስንት ቀን ሳቅንበት! ሲያድግ መንደሩ ሁሉ የሚፈራው ውሻ ሆነ፤ ለሚያውቀው ሰው ግን በግ ነበር። ግድግዳ የምንጋራት የዳዊት እናት ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ በኋላ ቤቷ ለጸሎት የሚመጡላትን ሰዎች ሁሉ በጠረናቸው ለይቶ ያውቃቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጮሆ አላጋለጣቸውም።

በየዓመቱ ለክትባት ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ይዤው የምሄደው እኔ ነበርኩ። አንተ ሥራ ስለሚበዛብህ ያንን ደጃፍ እንደኔ አታውቀውም። ከፉሪ በሬና አህያ እየነዱ የሚመጡ ገበሬዎች በአንድ ወገን፣ እኛ ውሻና ድመት የያዝነው በሌላ ወገን ተቀምጠን ተራ እንጠብቃለን። እትዬ ብርቄ ድመቷን በዘንቢል ይዛ ትመጣለች፤ ድመቲቱ ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ ገበሬዎቹን ታያለች። ዶክተር ገመቹ የዚያው የፉሪ ገበሬ ልጅ ነው። ውሻም ሆነ በሬ በኦሮምኛ ነው የሚያባብለው። ሻሞን "ኮቱ፣ ኮቱ"፣ ና ና ሲለው ሄዶ ጉልበቱ ላይ ጭንቅላቱን ያስደግፋል፤ ዶክተሩም ሳያስታውቀው ይወጋዋል። ከዚያ ሰው በላይ የማምነው ሐኪም አልነበረም፤ ለሰውም ቢሆን።

ያን ዕለት ጠዋት ሻሞ ከቦይ ዳር ከአንድ ባለቤት ከሌለው ውሻ ጋር ተናክሶ ጆሮው ደምቶ ነበር። "ዛሬ እኔ ልውሰደው" አልከኝ። ገረመኝ፤ ግን ደስ አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰንሰለቱን ብቻ ይዘህ ተመለስክ። "እብድ ነው አለ ዶክተሩ። ወግቶ ገደለው" አልከኝ። "ጠዋት ውኃ ጠጥቷል እኮ! ውኃ የጠጣ ውሻ እንዴት እብድ ይሆናል?" ብዬ ጮህኩ። ነጠላዬን እንኳ ሳላደርግ ክሊኒኩ ድረስ ሮጥኩ። ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "እርስዎ ነዎት የገደሉት?" አልኩት። መሬት መሬቱን እያየ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለኝ። ሬሳውን አሳዩኝ ስለው ተቀብሯል አለ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ብዬው አላውቅም።

በዚያው ሳምንት የብሔራዊ ውትድርና መኪና መጣ። ዮናስን ጓዳ አስገብቼ በሩን ደግፌ ስቆም፣ የተጠራው ዳዊት ሆነ። እናቱ መኪናውን ተከትላ እስከ አስፋልቱ ሮጣ ስትወድቅ ያነሳኋት እኔ ነኝ። የዮናስ ስም ለምን እንዳልተጠራ አልጠየቅኩም። አምላክ ጠበቀልኝ ብዬ ስለት አገባሁ።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ታውቃለህ። በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ፣ በቦኖው፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር "ያ ሰው ጤነኛ ውሻ ይገድላል" እያልኩ አወራሁ። እብድ ነው ተብሎ የተጠረጠረ ውሻ አሥር ቀን ታስሮ ይጠበቃል እንጂ በዕለቱ እንደማይገደል ከአንድ አዋቂ ሰምቼ ነበርና፣ በቀበሌው ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተነሳሁ። ዶክተሩ እዚያው ነበር። "አንተ፣ አሥር ቀን መጠበቅ አቅቶህ ነው?" አልኩት በሰው ፊት። ሊቀመንበሩ ከመድረክ ሆኖ ራሱን እየነቀነቀ "ጓዲት ትክክለኛ ሂስ ነው ያቀረቡት፤ ይመዝገብ" አለ። አንተ አጠገቤ፣ ራስህ በሠራኸው አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ መዳፍህን ታይ ነበር። እጄን ብትጎትተኝ፣ "ሙሉ፣ በቃሽ" ብትለኝ እቀመጥ ነበር። አላልከኝም። ዶክተሩ ወር ሳይሞላው ወደ አንድ ሩቅ አውራጃ ተዛወረ። ሁለት ዓመት ከልጆቹ ተለይቶ ከርሞ ሲመለስም ከኛ ሰፈር ደጃፉን የረገጠ አልነበረም።

ከሁለት ወር በፊት የድመቷ ጉሮሮ ላይ አጥንት ተሰነቀረ። ዮናስ እኔን ሳያማክር ወደ ክሊኒኩ ይዟት ሄደ። ስሰማ ተከትዬው ሄድኩና፣ እሱን አስወጥቼ "ይቺንም እንዳትገድላት" አልኩት ዶክተሩን። ራሱ በሽበት ተሸፍኗል። በግራ እጁ አፏን ከፍቶ፣ በመቆንጠጫ አጥንቱን ሳብ አደረገና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ እጁን ታጥቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ አቶ በቀለ በሕይወት እስካለ ድረስ አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር" አለኝ። "አሁን እሱም የለም፤ እኔም ደክሞኛል። ሻሞን አልገደልኩትም።"

ቀስ ብሎ ነገረኝ። የሊቀመንበሩ አለቃ ብስራተ ገብርኤል ሰፈር ለሚኖርበት ግቢ ደህና ውሻ ይፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ የአዳራሹን አግዳሚ ስትሠራ መጥቶ፣ "ልጅህ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ውሻህ ደግሞ ጥሩ ውሻ ነው" አለህ። ያን ጠዋት የአለቃው መኪና ከክሊኒኩ ጀርባ ቆሞ ይጠብቅህ ነበር። ዶክተሩን እያለቀስክ ለመንከው። "ውሻውን እንደሰጠሁ ካወቀች ለምን ትላለች፤ ምክንያቱን ካወቀች ዝም አትልም፤ ዝም ካላለች ልጁ ይሄዳል" አልከው። እሱም የልጅ አባት ነውና እሺ አለህ። ስብሰባው ላይ ስሰድበው አንተን ይጠብቅ እንደነበር ነገረኝ። "ይነሳል፣ አሁን ይነሳል እያልኩ ነበር" አለኝ። ሻሞ እዚያው ብስራተ ገብርኤል አርጅቶ ሞተ። ዶክተሩ ከሄደበት ተመልሶ መጨረሻው ድረስ ያከመው እሱ ነው። እኔ በዚያ አጥር ሥር ስንት ጊዜ ወደ ገበያ አልፌያለሁ።

"የዮናስ ስም ሲሰረዝ ቁጥሩ አልቀነሰም" አለኝ በመጨረሻ። "የሚቀጥለውን ስም ነው ያስገቡት። አቶ በቀለ ይህን አላወቀም ነበር፤ መኪናው ሲመጣ ነው ያወቀው። በማግስቱ እዚህ መጥቶ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ።"

በቀለ፣ ያን ጊዜ ስንት ነገር ገባኝ! ለዳዊት እናት በር ስትሠራላት፣ አልጋዋን ስታድስላት፣ ጣሪያዋን ስትመታላት "ባሌ ደግ ነው" እያልኩ እኮራ ነበር። በሄድክበት ሁሉ ያንን ኩራቴን እያየህ ዝም አልክ። ልጇ ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ከጠፋ በኋላ "አይዞሽ፣ ይመጣል" እያልኩ ሳጽናናት አጠገቤ ተቀምጠህ ትሰማ ነበር። በማጽናናትሽ እኖራለሁ ትለኝ ነበር እኮ!

ብትነግረኝ ምን አደርግ ነበር መሰለህ? ውሻውን ራሴ ይዤ እሄድ ነበር። አልቅሼ፣ ግን ይዤው እሄድ ነበር። ዮናስ ልጄ አይደለም እንዴ? ከሃያ ዓመት በላይ አብሬህ ኖሬ አፏ አይታመንም ብለህ ለባዕድ የነገርክብኝ ነው ያንገበገበኝ። አንተ በመፍራትህ አልፈርድብህም። አፌን ፈርተህ ዘጋኸው፤ ያው አፌ አንድ ንጹሕ ሰው ሲያጠፋ ግን ለቀቅከው። ዳዊት እንደሚሄድ ባውቅስ ምን አደርግ ነበር? ይህን እንኳ ራሴንም ጠይቄ መልሱን ሳልሰማ ነው የምነሳው።

ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በአራተኛው ቀን ወደ ዳዊት እናት ሄድኩ። ምስር ትለቅም ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ምስሩን መልቀሟን አላቆመችም፤ ጣቶቿ ግን ድንጋዩንም ምስሩንም አንድ ላይ ይጥሉ ነበር።

"ዮናስ ያውቃል?" አለችኝ።

"አያውቅም።"

"እንዳትነግሪው። የኔ ልጅ ሄዷል፤ ያንቺ ደግሞ ይህን ተሸክሞ እንዳይኖር።" ድምፅዋን ሳታነሳ፣ "አንቺ ግን የዮናስ እናት፣ ከእንግዲህ ወደ ቤቴ አትምጪ" አለችኝ።

በሳምንቱ ያደስክላትን አልጋ በራችን ላይ አቁማው አገኘን። ዮናስ ሊጠገን የመጣ መስሎት እግሮቹን አጠባብቆ መለሰላት። ምን እንዳለችው አላውቅም። ተቀበለችው።

የሴቶች እድር ስብሰባ ላይም ተነስቼ ተናገርኩ። "ዶክተር ገመቹ ውሻዬን አልገደለም። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ታዲያ ማን ገደለው?" አሉኝ። "ማንም አልገደለውም፤ ባለቤቴ ለሰው ሰጥቶት ነው" አልኩ። ለማን፣ ለምን የሚለውን ዋጥኩት። እትዬ ብርቄ ብድግ ብላ፣ "ያንቺን ወሬ ሰምቼ ድመቴን ሳላሳክማት በእጄ ላይ ሞተች" አለችኝ። ዶክተሩ ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ፣ "እኔ ላይ የተጻፈው ተጽፏል፤ ሰዉ እንስሳውን ይዞ ይምጣ እንጂ" አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከሰፈራችን ሁለት ሴቶች ውሾቻቸውን ይዘው ተራ ሲጠብቁ አየሁ።

አሁን የቀረኝ ዮናስ ነው። በየቀኑ ምሳውን አቀርብለታለሁ፤ እያየሁት ዝም እላለሁ። አንዳንዴ ጉርሻ ላጎርሰው እጄን ስዘረጋ፣ አንተ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ትጎርስ እንደነበር ይገባኛል። መግባቱ ግን ይቅር ማለት አይደለም። ይቅርታዬ ገና ነው በቀለ፤ ሲመጣ ራሴ መቃብርህ ድረስ ይዤልህ እመጣለሁ።

እስከዚያው አልረሳህም። ደግነትህን ለብቻ፣ ጥፋትህን ለብቻ አድርጌ አላስብህም፤ እንዳለህ ነው የማስብህ። ትናንት ለጸሎት ስም ልሰጥ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ያንተን ከሙታን ጋር፣ የዳዊትን ከሕያዋን ጋር አስጻፍኩ። ከእንግዲህ በየወሩ እንዲሁ አደርጋለሁ። ቄሱ "ዳዊት ማንሽ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"በልጄ ፋንታ የሄደ ልጅ ነው" አልኳቸው።

ሙሉነሽ