ይዘላል የተባለው ፊልም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከናፍቆትህና ከዲቪዲው በስተቀር ደህና ነን።

ቀድተህ የላክህልንን ፊልም አባትህ "ይዘላል! ልጅሽ መቅዳት እንኳ አያውቅም" እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ዲስኩን በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት። የሰፈራችን ቴፕ ሠሪ ሰምቶ "እትዬ፣ ሰሃን መሰለዎት እንዴ? ከመሃል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። የማጫወቻውንም ሌንስ ጠረገልን፤ ልጅዎ የመቅጃውን ፍጥነት ቀንሶ ይቅዳው አለ። አንተም ቀንሰህ ቀድተህ ላክህ። አባትህ ግን "ጭራሽ ብሶበታል!" አለ።

ትናንት ጎረቤታችን መምህሯ ፊልሙን አብራን ስታይ፣ አባትህ ብድግ ብሎ "ይኸው ዘለለ! ይቺ ልጅ ደግሞ መቼ አገባች?" አለ። ሠርጉን አሁን አይተነው፣ እሱም አጨብጭቦ ነበር። መምህሯ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ማጫወቻውን በጥፊ አልኩትና "አዎ፣ ዘሏል" አልኩ።

ስለዚህ ሌላ ዲስክ አትላክ። እረፍት ስታገኝ ራስህ መጥተህ እየው፤ ማጫወቻውን ማለቴ ነው።

አባትህ ሰላም በይልኝ ብሏል።

ናፋቂህ እናትህ

ፖስታውን ላሽግ ስል አባትህ መጥቶ "ለልጃችን ነው? ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ! ሰላም በይልኝ እንጂ" አለ። ይኸው ልጄ፣ ሁለቱንም ተቀበል።