ከክፍልፋይ ጀምሮ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ያለህበት ድረስ መጥቶ ያግኝህ። ጤናህ እንዴት ነው? ዓይንህስ? ባለፈው ስትመጣ የብየዳው ብርሃን ዓይንህን አቅልቶት ነበር። መከላከያ መነጽሩን ሳያደርግ እንዳይሠራ አደራ በይልኝ ብላለች እማዬ። እሷ ደህና ናት፤ የሚያስቸግራት ጉልበቷ ብቻ ነው። አሁንም እዚያው ክሊኒክ አንሶላ ትተኩሳለች። አለቃዋ አዝኖላት ወንበር ሰጥቷታል፤ እሷ ግን ተቀምጬ ከተኮስኩ እጥፋቱ አያምርልኝም ብላ ወንበሩ ላይ የተተኮሰውን ትደረድርበታለች። እኔም ደህና ነኝ። ይህን የምልህ እንደ ድሮው ለወጉ ያህል አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ካነበብከው ይገባሃል።

ይኸው ስምንት ወር ሆነን፤ አንተም አልጻፍክ፣ እኔም አልጻፍኩ። አንተ በንዴት፣ እኔ በኀፍረት።

ያን ቀን ካርዴን ከፍራሹ ሥር ስታገኘው በር ላይ ቆሜ አይሃለሁ። ከአሥሩ ትምህርት ስድስቱ በቀይ ነበር። ከታችም «ክፍሉን ትድገም» ይላል። ትጮህብኛለህ ብዬ ስጠብቅ አልጮህክም። ካርዱን እንደያዝክ ብዙ ቆየህና «እኔ ደብተሬን የዘጋሁት ለዚህ ነው?» አልከኝ። በማግስቱ እማዬ ቁርስ ስታቀርብ አንተ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደሃል። እሷም ሳህኑን እንደተከደነ እስከ እኩለ ቀን አላነሳችውም ነበር።

ቅር አላለኝም ብልህ እዋሻለሁ። ግን እውነትህን ነው ብዬ ነበር። አባባ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አንተ ደግሞ አሥረኛ ክፍል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እማዬ ጠጉሬን ባበጠረች ቁጥር የምትነግረኝ አንድ ነገር ነው። «ወንድምሽ ከክፍሉ አንደኛ ነበር፤ አንቺን ለማሳደግ ብሎ ነው የተወው።» ትንሽ ሳለሁ ይህ ያኮራኝ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ሒሳብ አርባ አንድ ሳመጣ ግን ከበደኝ። የአንደኛ እህት አርባ አንድ አምጥታ ለማን ትናገራለች? ያልገባኝን ብጠይቅ አለመግባቴ ይታወቅብኛል ብዬ እጄን ማውጣት ተውኩ። ከፊት ወንበር ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ኋላ ሄድኩ። ወንድም ጋሼ፣ የኋላ ወንበር ክፉ ነው፤ ማንም አይደርስብህም። ፈተና ላይ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ «እሱ ቢሆን ኖሮ» የሚል ነገር በጆሮዬ ይመጣል። እጄ ያልበኛል፤ ወረቀቱ ይረጥባል፤ ሰዓቱ ያልቃል። አውቀው የነበረው ሳይቀር ይጠፋኛል። በሒሳብ የጀመረው ወደ ፊዚክስ፣ ከፊዚክስ ወደ ኬሚስትሪ ተዛመተ። በመጨረሻ ራሴን ደደብ ብዬ ከጠራሁት በኋላ ትንሽ ዕረፍት አገኘሁ። ደደብን ማንም ምንም አይጠይቀውማ።

ዘንድሮ ክፍሉን ስደግም አብረውኝ የገቡት ሁሉ በዓመት የሚያንሱኝ ሆኑ። «አክስቴ» ብለው ሰየሙኝ። እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ።

በመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ቀን ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ወጣሁና አልተመለስኩም። ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ፣ የተሰባበሩ ወንበሮች የተከመሩበት ቦታ ተቀምጬ ሳለቅስ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አገኘችኝ። ተማሪው እትዬ ማኅተም ነው የሚላት፤ ያለ እሷ ማኅተም ምንም ወረቀት ስለማይወጣ። ለምን ታለቅሻለሽ አላለችኝም። «የእጅ ጽሑፍሽ ይነበባል?» ነው ያለችኝ። ይነበባል አልኳት። ለርእሰ መምህሩ ቅጣቷን እኔ እሰጣታለሁ ብላ አስፈቀደችና ለሦስት ሳምንት ከትምህርት በኋላ ወደ እሷ ቢሮ እንድሄድ አደረገች። ጣሪያው አፍስሶ የድሮ መዝገቦችን አበስብሷቸው ነበርና ወደ አዲስ መገልበጥ ነበረባቸው። በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛ ሰጠችኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ውጤት፣ ደረጃ፣ ከትምህርት የቀረበት ቀን፣ ማብራሪያ። ስም፣ ዕድሜ፣ ውጤት። ቀጥ አድርጌ አሰምራለሁ፤ እገለብጣለሁ። ደስ ይል ነበር፤ ፈተና አይደለማ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የአሥረኛ ክፍል መዝገብ ደረሰኝ። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት የነበረ ነው። እዚያ ውስጥ ስላገኘሁት አንድ ተማሪ ልንገርህ።

በአንደኛው መንፈቅ ዓመት ከሃምሳ ሁለት ተማሪ ሦስተኛ ነው። ሒሳቡ ዘጠና አንድ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሒሳቡ ሠላሳ ስምንት። ፊዚክሱ ሠላሳ አራት። ደረጃው አርባ ሰባተኛ። የቀረበት ቀን አርባ ሦስት ይላል። ማብራሪያው ላይ «ለትምህርት ፍላጎት የለውም» ብለው በቀይ ጽፈውበታል። የሚቀጥለውን ዓመት መዝገብ አወጣሁ፤ ስሙ የለም። ከደገሙትም መሐል ፈለግሁት፤ የለም።

ወንድም ጋሼ፣ እነዚያን አርባ ሦስት ቀናት ያ ልጅ የት እንደዋለ መዝገቡ አይናገርም። ቤቱ ማን አልጋ ላይ እንደተኛ፣ በሽተኛውን ማን እንደሚያገላብጥ፣ እናቱ ሥራ ስትውል የአራት ዓመቷን ሕፃን ማን አዝሎ እንደሚውል አይናገርም። የማብራሪያው ዓምድ ጠባብ ነው፤ አምስት ቃል አይይዝም። እንባዬ መዝገቡ ላይ ሲንጠባጠብ እትዬ ማኅተም አይታኝ መጣች። ቀለሙን ታጠፊዋለሽ ብላ ጨርቅ አቀበለችኝ። ከዚያ ጎኔ ቁጭ አለችና «ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ተቀምጫለሁ፤ ሰው ወደቀ ብለው ሲጽፉ እንጂ ምን ተሸክሞ እንደነበር ሲጽፉ አላየሁም» አለችኝ። የልጁን ስም አልጠየቀችኝም። አንተም አትጠይቀኝ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን አላስታውሰውም። አዝኜ ነበር፤ እስካሁንም ያ ሐዘን አልለቀቀኝም። ግን ለስንት ዓመት ጀርባዬ ላይ የነበረ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። ጎበዝም ይወድቃል ማለት ነው። መውደቅ የጭንቅላት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ያን ልጅ ግን አንድም ሰው «ምን ሆንክ?» ብሎ አልጠየቀውም። እኔን ደግሞ ሰው ጠይቆኝ እንኳ አልመልስም ነበር።

በማግስቱ የሒሳብ መምህራችንን ከመምህራን ክፍል ሲወጣ ጠብቄ አስቆምኩት። ረጅም ዝምተኛ ሰው ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ጠመኔ እንደነካው ነው። «አልገባኝም» አልኩት። የቱ ነው ያልገባሽ አለኝ። ሁሉም አልኩት። ከየት ጀምሮ እንደሆነ አስቢና ንገሪኝ አለኝ። አሰብኩ። የት ላይ እንደጠፋሁ ለራሴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ከዚያ «ከክፍልፋይ ጀምሮ» አልኩት። የአምስተኛ ክፍል ትምህርት ነው እኮ። ይስቅብኛል ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ። እሱ ግን «እንግዲያው ከክፍልፋይ እንጀምራለን» አለና ሰዓቱን አየ። «አሁን ሃያ ደቂቃ አለችኝ።»

እንዲህ ሆኖ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ተማርኩ። ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው ልጅ የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ተዋስኩ፤ በጋዜጣ ለብጬ ይዤው እሄዳለሁ። እነዚያ አክስቴ የሚሉኝ አዩብኝና ሁለት ቀን ሳቁ። በሦስተኛው ቀን ከመሐላቸው አንዷ ጠጋ አለችና «አክስቴ፣ ለእኔም ይቺ ነገር አልገባችኝም ነበር» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። አሁን አብረን ነው የምንሠራው። ለእሷ ሳስረዳ ነው እኔም እንደገባኝ የማውቀው።

ቀላል ነበር እንዳትለኝ። ከዚያ በኋላ በተፈተንኩት ሠላሳ ዘጠኝ ነው ያመጣሁት። ሁለት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ግን አልተደበቅኩም፤ ወረቀቱን ይዤ ወደ መምህሩ ሄድኩ። የሳትኩትን አንድ በአንድ አየን። ቀጥሎ ሃምሳ አራት። ከዚያ ስልሳ ሁለት። ሰው እያየኝ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ የሠራሁ ቀን እጄ ደርቆ ነበር፤ ላብ የለም። ከወንበሬ ስደርስ ነው ያወቅኩት።

የዛሬ ሁለት ሳምንት የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ተሰጠን። አሥራ ዘጠነኛ ወጥቻለሁ። ሒሳብ ሰባ አንድ። ኬሚስትሪ ግን አርባ ስድስት ነው፤ በቀይ ነው። ቤት ስገባ እማዬ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ካርዴን ላንብብልሽ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ኬሚስትሪ ጋ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለ፤ ግን አነበብኩት። ቀይ ነው አልኳት።

ካርዱን ከእጄ ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዚያ እስከ ዛሬ ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። አባባ ሊሞት አምስት ቀን ሲቀረው አንተ ካርድ ይዘህ እንደመጣህ። ቀና አድርጉኝ ብሎ ትራስ እንዳስደገፋችሁት። አንብብልኝ ሲልህ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ «አንደኛ» ብለህ እንዳነበብክለት። አባባ ካርዱን ስሞ ከትራሱ ሥር እንዳደረገው፣ እስኪሞትም ከዚያ እንዳልተነሣ። «ደስ ብሎት ነው የሄደው» አለች። «እኔም ያንን ቃል ይዤ ኖርኩ። ልጄ ለአባቱ የሰጠውን ቃል እንዴት አፈርስበታለሁ? አንቺ ላይ እንደሚከብድ ግን አላወቅሁም።»

ካርዱን ያኔ አይተሽው ነበር ወይ አልኳት። እግሯን ከውሃው አወጣችና በጨርቅ አደረቀች። «ፊደል አላውቅም» አለችኝ። «ልጄን ማንበብ ግን አያቅተኝም።»

ወንድም ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ምንም አልጠየቅኳት። አንተንም አልጠይቅህም። ካርዴን ይዘህ ብዙ የቆምክበትን ቀን ግን አሁን በሌላ ዓይን ነው የማየው። እኔን ብቻ እያየህ አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ትምህርታቸውን ላቋረጡ ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚሰጥ ትምህርት እዚህ ተጀምሯል። አንተ ባለህበት ከተማም እንዳለ እትዬ ማኅተም ነግራኛለች። ዕድሜ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የድሮ መዝገብ ግልባጭ ብቻ ነው። የዚያን ልጅ ገጽ እኔ ራሴ በጥሩ ወረቀት ገልብጬዋለሁ። ሠላሳ ስምንቱን ሠላሳ ስምንት ብዬ፣ ዘጠና አንዱንም ዘጠና አንድ ብዬ። እሷም አይታ ማኅተም መታበታለች። ከደብዳቤው ጋር አለ። ለምታውቀው ሰው ከሆነ ስጥልኝ።

እማዬ ምን ልበልልሽ ስላት «ምንም ሳያመጣ ይምጣ፤ ቁርሱን በልቶ ይሂድ» ብላለች። ፈጣሪ እጅህን ከእሳት፣ ዓይንህን ከብርሃን ይጠብቅልኝ። ክፉ አይንካህ። እስክትመጣ እንዲሁ እንዳለን ያቆየን።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእማዬ ሁሉንም አነበብኩላት፤ አንድም ቃል አልዘለልኩም። ከታች ያለው ሰማያዊ የጣት አሻራ የእሷ ነው።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ