ለእናታችን ጤና ስለተጨበጨበው ጭብጨባ

ለተከበሩ የፓርቲያችን የአካባቢ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ወገብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ወገብዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፀጉርዎን ስቆርጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ አባላቱ ችግር አንድ ቀን ሲያነሱ ሰምቼ ባላውቅም፣ ስለ ወገብዎ ሳያማርሩ ግን ከወንበሬ ተነስተው አያውቁም። የዕጩዎች ምርጫ ከተቃረበ ወዲህ ወደ ፀጉር ቤቴ ብቅ ስላላሉ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር። ባለፈው እሑድ መድረክ ላይ ዞር ሲሉ እንዳየሁት የማጅራትዎ ፀጉር ከኮሌታዎ ጋር ተገናኝቷል። ቅሬታዎ ከእኔ ጋር እንጂ ከመቀሱ ጋር አይደለምና ይምጡ፤ እጄ አይንቀጠቀጥም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። እንደ ደንቡማ ቅሬታ ያለው አባል አሽጎ በሐሳብ መስጫው ሣጥን ውስጥ መክተት ይገባው ነበር። ነገር ግን የሣጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ወዲህ ሣጥኑ ራሱ የአዳራሹን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ተደግፎ እንዲያገለግል ስለተመደበ፣ ከሥራው ላስተጓጉለው አልፈለግሁም። በቁጣ የጻፍኩትም አይምሰልዎ። ቁጣ ነበረኝ፤ የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። አሁን የቀረኝ ምስጋና ብቻ ነው፣ እሱንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ቦዩ አመሰግናለሁ። ከእህቴ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት አፉን ከፍቶ የሚያልፈውን የፍሳሽ ቦይ ለመክደን ፓርቲያችን በየምርጫው ቃል ሲገባልን ኖሯል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ እኛም በሰማዩ መክደኛ እየተጽናናን ዘለል ዘለል ስንል ከርመናል። የበላይ አመራሮች ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ ግን ጽሕፈት ቤትዎ በአንድ ሌሊት ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ባነር አልብሶት አደረ፤ ባነሩም ላይ በትልልቁ «ከእኛ ጋር ወደፊት!» የሚል ተጽፎበት ነበር። እናታችን ማንበብ ትችላለች፣ ዓይኗም ደህና ነው። ልጇን ልትጠይቅ ወደ ዳቦ ቤቱ ስትመጣ፣ እንደ ነገረችን፣ ኧረ በመጨረሻ ከደኑት ብላ ደስ አላት፤ ደስ እያላትም ረገጠችው። መፈክራችንን ከልቧ አምና የቆመችበት የመጀመሪያዋ አባል እሷ ሳትሆን አትቀርም። የዳሌዋ አጥንት ተሰብሮ ይኸው እስከ ዛሬ አልጋ ላይ ናት። ባነሩ በነጋታው ታጥቦ አዳራሹ ፊት ተሰቅሏል፤ የትም ቦታ አልተቀደደምና እንኳን ደስ አልዎት።

2ኛ. ታናሽ እህቴን ስላስተማሩልኝ አመሰግናለሁ። እህቴ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ እናታችን ከወደቀች በኋላ ለአካባቢው ምክር ቤት የፓርቲያችን ዕጩ ሆና ለመወዳደር ቆረጠች። ከጠየቀችውም ነገር ትልቁ ቦዩ በሲሚንቶ እንዲከደን ነበር። በዚያ ወንበር ላይ ያሉት ተወካያችን ከሰፈራችን ከለቀቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የሚታዩን ምርጫ ሲደርስ ነው፤ የለመደች ጦጣ… ብዬ እዚህ ላይ አቆማለሁ፣ ተረቱን እርስዎ ይጨርሱታል። እህቴ ፖስተር የማሠሪያ አቅም ስላልነበራት ዳቦ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ትኩሱን እያቀበለች አንድ በአንድ ነገረችው። ነገሩ ከዳቦ ቤት ወደ እኔ ፀጉር ቤት ተሻገረ፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው መሄጃ ስለሌለው ጥሩ አድማጭ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጡረተኛው ዘበኛ፣ ሌሎችም እየተጨመሩ አዳራሹን ግማሽ የምንሞላ ሆንን። እርስዎም በየስብሰባው «ሕዝብ ወዳድ መስለው ሕዝብ የሚያሳስቱ ጥቂት ግርግር ፈጣሪዎች» ሲሉ አስታወሱን። «ጥቂት» ማለትዎ ብቻ ቅር አሰኝቶናል፤ ግርግሩን ግን በትሕትና ተቀብለናል።

ደብዳቤውን የሚያነብ እንግዳ ቢኖር እንዳይቸገር የፓርቲያችንን አንድ ወግ ልንገረው። በእኛ ዘንድ ዕጩ የሚጸድቀው በጭብጨባ ነው። ጭብጨባ ካልተሰማ እጅ እየወጣ በሰው ልክ ይቆጠር የሚል አንቀጽ ደንቡ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ጭብጨባ ያልተሰማበት ቀን ስለሌለ አንቀጹ እስከ ዛሬ እንደ አዲስ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል። ክቡርነትዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱና መነጽርዎን ዝቅ አድርገው በላዩ ያዩናል፤ ያኔ እናጨበጭባለን። ያሉትን የሰማም ያልሰማም ያጨበጭባል። አንድ ጊዜ መብራት ይጠፋል ብለው አስታውቀው ሞቅ አድርገን ያጨበጨብንልዎን ያስታውሱታል።

እንግዲህ የግርግር ፈጣሪዎቹ ምስጢር ይህ ነበር፦ የተወካዩ ስም ሲጠራ እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ዝም ማለት፣ ከዚያም እንቆጠር ማለት። ዘመቻውንም «እጅ በጉልበት» አልነው። ቀላል ይመስላል፤ አልነበረም። ፀጉር ቤቴ ውስጥ የድሮ ንግግሮችዎን እያስታወስኩ በእርስዎ ድምፅ እናገርና መነጽሬን ዝቅ አድርጌ አያቸዋለሁ፤ እነሱ እጅ በጉልበት ሆነው ይለማመዳሉ። መጀመሪያ ላይ ልብስ ሰፊዋ እንኳ እያጨበጨበች በራሷ ሳቀች። ጡረተኛው ዘበኛ ዕድሜ ልኩን ለሚያልፍ መኪና ሁሉ ሰላምታ ሲሰጥ ስለኖረ እጁ በጣም እያስቸገረው፣ በገዛ እጆቹ ላይ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እያደር ግን በረታን። «እድገት» ብዬ ብጮኽም፣ «ድል» ብዬ ብጮኽም አንድም እጅ የማይነሳበት ደረጃ ደርሰን ነበር።

3ኛ. ለባለፈው እሑድ ግን ምስጋናዬን በምን ቃል እንደምገልጸው ቸግሮኛል። ረድፍ ይዘን፣ መዳፋችንን ጉልበታችን ላይ ጥለን ስንጠብቅ፣ ክቡርነትዎ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረቡና መነጽርዎን ጭራሽ አወለቁት። ድምፅዎ ለስለስ ብሎ ነበር። ወደ አጀንዳው ከመግባታችን በፊት፣ የሁላችንም እናት ለሆኑት፣ ለውድ ዳቦ ጋጋሪያችን እናት ጤንነት፣ ሞቅ ያለ ጭብጨባ እንዲደረግ ጠየቁ።

ይህን አልተለማመድነውም ነበር።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከአንጀት ሲሆን ጭብጨባም አይገድም። ሰው ሁሉ እናታችንን ይወዳታል። ቧንቧ ሠራተኛው ተነሳ፣ ልብስ ሰፊዋ ተነሳች፣ እኔም ተነሳሁ። ከሁላችንም በላይ ያጨበጨበችው እህቴ ናት፤ ቆማ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ሕዝቡን እያየች። እርስዎም ጭብጨባው ሳይበርድ ድምፅዎን ከፍ አደረጉና፣ እናታቸውን ለማስታመም ሲሉ ከውድድሩ ራሳቸውን በፈቃዳቸው ላገለሉት እህታችን አሉ፤ ቀጠሉናም፣ በእሳቸው ቦታ አደራውን ለሚሸከሙት ዕጩአችን አሉ። ተወካዩ ከፊት ወንበር ብድግ ብለው እጅ ነሱ። እህቴ ራሷን ማግለሏን የሰማችው ያኔ፣ በገዛ ጭብጨባዋ ውስጥ ነው። ነገሩ ሲገባኝ እጆቼን አየኋቸው፤ ገና እያጨበጨቡ ነበር። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። እጅ ሲከዳ ከምን እንደሚብስ የተረተ አላገኘሁም።

በማግስቱ በአዳራሹ በር ላይ የተለጠፈው ቃለ ጉባኤ ዕጩው «ተፎካካሪያቸውን ጨምሮ ከመቀመጫ በመነሳት በተደረገ የጋለ ጭብጨባ» መጽደቃቸውን ይገልጻል። ሐሰት የለበትም። እህቴ ልታመለክት ወደ ቢሮዎ በመጣች ጊዜም ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ የእናታችንን ጤና በደንብ ጠይቀው፣ ያጨበጨቡት እኮ እርስዎ ነዎት ብለው በአክብሮት ሸኝተዋታል። ተመልሳ ሊጥ ማቡካቷን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ የተናገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ለእማዬ ነው ያጨበጨብኩት» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን ጥርስ ሊነቅሉለት ማደንዘዣ እንደ ወጉት ሰው ሆኛለሁ፤ ደም ይታየኛል፣ አያመኝም። ደንበኛ ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሒሳብ እቀበላለሁ፣ ሱቁን እዘጋለሁ።

4ኛ. በአዳራሹ ያላጨበጨበው አንድ ሰው ጡረተኛው ዘበኛ ነው። በእጆቹ ላይ ተቀምጦ ስለነበር፣ ለእናታችን ሊያጨበጭብ ቢያወጣቸው ሁለቱም ደንዝዘው አልታዘዝ አሉት። ይህ ሰው ከትናንት በስቲያ ባርኔጣውን አውልቆ አልጋዋ አጠገብ ቆመና፣ እትዬ፣ ሁሉም ለጤናዎ ሲያጨበጭብ እኔ አላጨበጨብኩምና ይቅር ይበሉኝ አላት። እናታችን በአዳራሹ እንደተጨበጨበላት የሰማችው ከእሱ ነው። ደስ አላት። ትራሷን አስደግፈን ቀና ስናደርጋት ወደ እህቴ ዞረችና፣ ይህን ያህል ካጨበጨቡልኝማ ቦዩ ተከድኗል ማለት ነዋ አለች። እህቴ ዳቦው ያርርብኛል ብላ ወጣች። ምድጃው እንኳ አልተለኮሰም ነበር።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ በመጪው እሑድ በዕጩው ላይ የመጨረሻው ማጽደቂያ ጉባኤ እንደሚደረግ ማስታወቂያዎ ይናገራል። ያለፈውን ይመልሱልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ ያ ጭብጨባ የእናታችን እንጂ የማንም እንዳልነበረ በቃለ ጉባኤው ላይ አንድ መስመር ቢያስጨምሩልኝና፣ ታጥፎ የተቀመጠውን አንቀጽ ዘርግተው ለአንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ቢቆጥሩን ውለታዎን አልረሳም። ካልሆነም አይጨነቁ። ዕጩዎን እንኳን ደስ አለዎት ይበሉልኝ፤ ወደ ሰፈራችን የመጡ እንደሆነም ከዳቦ ቤቱ ፊት ሲደርሱ እግራቸውን እያዩ እንዲራመዱ ይምከሩልኝ።

ወገብዎን እግዜር እየጠበቀ፣ ማይክሮፎንዎ ሳይንጫጫ፣ አዳራሽዎ ሳይጎድል፣ የማጅራትዎም ፀጉር አንድ ቀን ወደ ወዳጁ መቀስ ይመለስ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ሌላ ቦታ ለማሳረፍ የማላምናቸውን ሁለት እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የፓርቲው የረጅም ጊዜ አባል፣ የእርስዎ ፀጉር ቆራጭ፣
የዳቦ ጋጋሪዋ ታላቅ ወንድም

ግልባጭ፦ ለሐሳብ መስጫው ሣጥን (በር መደገፉን ሲጨርስ)

ማሳሰቢያ፦ የዘበኛው ነገር አንድ ትምህርት ስለሰጠን፣ በመጪው እሑድ ሁላችንም ሁለት እጃችንን የሚይዝ ነገር ተሸክመን እንመጣለን፤ እንግዳ እንዳይሆንብዎ አስቀድሜ ማሳወቅ ይገባኛል ብዬ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ረጅም ቧንቧውን፣ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን፣ ሌሎቹም ለቦዩ መክደኛ የሚሆን ድንጋይ ይዘው ይገባሉ፤ እስኪቆጠሩም ድረስ አያስቀምጡም። ዝም አይነቅዝምና፣ የምናሰማውን ዝምታ እባክዎ በቃለ ጉባኤ ያስመዝግቡልን። እኔና እህቴ እናታችንን ከነወንበሯ ተሸክመናት ከፊት ረድፍ እንቆማለን። ያን ጊዜ ለጤንነቷ ይጨበጨብ ማለት ቢያምርዎ የእኛ እጅ ተይዟል፤ እሷ ፊት ለፊትዎ ናት፣ ብቻዎን ያጨብጭቡላት።