ድምፅ የሌለው ጎማ

ኦክቶበር 15፣ ቅዳሜ
ዝናብ። ከኡሉ ከተማ በጠዋት ተነስቼ ለምሳ አባባ ቤት ደረስኩ። በረዶው ሳይመጣ ጎማ የሚቀየርበት ሰሞን ነው። ኦስሞ ጎሚስታው በር ላይ ወረፋ አለ፤ ግማሹ ሰው ጎማ ሊያስቀይር፣ ግማሹ ወሬ ሊሰማ የመጣ።

የአባባ ባለ ሚስማር ጎማ፣ በረዶ ላይ የሚቆነጥጠው፣ አልቋል። ሚስማሩ ረግፎ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። ለሰማንያኛ ልደቱ አራት አዲስ ይዤለት መጣሁ። የክረምት ነው፣ ግን ሚስማር የለውም። እኔ ኡሉ ውስጥ ለዓመታት የምነዳው በዚህ ነው። በምሠራበት ጋዜጣም ስንቴ ጽፈንበታል... ሚስማር አስፋልት ይፍቃል፣ አቧራው ሳንባ ይገባል፣ ጩኸቱ ሌላ።

ሚስማር የሌለው ይበቃዋል ወይ ብዬ ኦስሞን ጠየቅኩት። "ሁለቱም ይሄዳል፤ ቀስ ብሎ ለሚነዳ" አለ።

ወረፋ የያዘ አንድ ጎረቤት አባባን፣ "ታይስቶ፣ የከተማ ጫማ ተገዛልህ?" አለው።

"ልጄ ናት ያመጣችው" አለ አባባ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ስንመለስ፣ "ስማ እስቲ፣ እንዴት ጸጥ እንደሚል" አልኩት።

"ጸጥ ይላል።"

ደስ አለኝ። ከሰዓት እንደ ልማዱ የኮርፒን ዳገት ተሻግሮ አጎቴ አርቪ ጋ ሄደ። የአርቪ ሚስት ካረፈች ወዲህ ቅዳሜያቸው አንድ ነው። ሳውና ያሞቃሉ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ቋሊማ ይበላሉ። አርቪ ልቡ ስለደከመ መንዳት ተከልክሏል። ስለዚህ ተሻጋሪው ሁሌም አባባ ነው።

ኖቬምበር 27፣ እሑድ
ደወልኩ።
"ትናንት አርቪ ጋ ሄድክ?"
"ባትሪው ደክሟል።"
"ባለፈው ቅዳሜስ?"
"መንገዱ አልተጠረገም ነበር።"
አርቪ ደህና ነው አለኝ፤ በስልክ ያወራሉ። እሺ... ብርዱም በርትቷል።

ዲሴምበር 24፣ ቅዳሜ
የሩዝ ገንፎ፣ የአሳማ ታፋ። በአሥር ሰዓት እናቴ መቃብር ላይ ሻማ አበራን። መቃብሩ ሁሉ ሻማ ነው፣ በረዶው ቢጫ ሆኗል። ስንመለስ አርቪ ጋ እንሂድ ስለው፣ "በዓል ላይ እንግዳ አይወድም" አለ።

ከላዩ በረዶ ልጠርግ ብዬ የአባባን መኪና አስነሳሁት። ሞተሩ ቁልፉን ገና ስነካው ተነሳ። ባትሪው ምንም አልሆነም።

ምነው አልጠየቅኩትም? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠይቅ የኖርኩ ሰው... ገብቼ ሳህን አጠብኩ።

ጃንዋሪ 15፣ እሑድ
ትናንት በግድ ይዤው ሄድኩ። በራሱ መኪና፣ በዚያው ጎማ፣ እኔ ነድቼ። ሌሊቱን የጣለው ካፊያ ረግቶ ኮርፒ መስታወት ሆኗል። በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳልነካ ወረድኩ። መኪናው አልተንሸራተተም። አባባ ግን እስከ ታች ድረስ የበሩን እጀታ ጨብጦ ነበር።

አርቪ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ከስቷል። "ሽማግሌው አለህ እንዴ? እኔ እኮ የሞትህን ዜና ልጅህ ጋዜጣ ላይ ስፈልግ ከረምኩ።"

"አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ" አለው አባባ።

ሳውናው ሞቆ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ያሞቃል ለካ፤ ማንም ሳይመጣ።
"ለማን ብለህ?" አልኩት።
"ቅዳሜ ይመጣላ፤ እሱ ባይመጣም።"

አባባ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ አርቪ ነገረኝ። "መኪናው ዲዳ ሆነብኝ ይላል።"
"ምን ማለት ነው?"
"ሚስማሩ ደረቅ አስፋልት ላይ ይንጣጣል፤ የረጋ በረዶ ላይ ሲወጣ ድምፁ ይለወጣል። ዓይኑ እንደሆነ ከመሸ ነጩን ከነጭ አይለይም። በጆሮው ነው ሲነዳ የኖረው። አሁን ምን ላይ እንዳለ በምን ይወቅ?"
"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"
"ስጦታ ነዋ፣ ቱሊኪ። ስጦታ ምን ይባላል?"

ስንመለስ፣ "አባባ፣ ባለ ሚስማር ላስገባልህ?" አልኩት።
"ይሄ አዲስ እኮ ነው።"
"ቢሆንስ?"
"ሲመችሽ" አለ።

ሲመችሽ። ከእሱ አፍ ልመና ማለት ነው።

ጃንዋሪ 22፣ እሑድ
ኦስሞ ጋ ደወልኩ፤ ባለ ሚስማሩ ጎማ መጋዘኑ ውስጥ አለ። "አባትሽ ብቻውን አይመጣም፤ አንቺ አምጪው" አለኝ። ልክ ነው። የምርጫ እትም ደርሶብኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ።

ጃንዋሪ 29፣ እሑድ
አልሄድኩም። ገጾቹ አላለቁም። ደወልኩለት። "አትቸኩዪ" አለኝ።

ፌብሩዋሪ 5፣ እሑድ
አሁንም አልሄድኩም። ትናንት ሥራም አልነበረኝም። ደክሞኝ ተኛሁ። እሱን ለማን እነግራለሁ?

ፌብሩዋሪ 12፣ እሑድ
አርቪ ሞተ።

ትናንት። ጎረቤቱ የሳውናውን ጭስ አይቷል፤ ከዚያ የቤቱ መብራት ሳይበራ ሲቀር ሄዶ አየው። የልብስ ማውለቂያው ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ።

አባባ በስልክ፦ "ሁለት ፎጣ አውጥቶ ነበር አሉ።"
ስልኩን ዘጋው።

ማርች 4፣ ቅዳሜ
ቀብር። እንደ ልማዱ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። መንገዱ ውሃ ያቆረ በረዶ። አባባን በእኔ መኪና ወሰድኩት። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ተው ቢሉት እንቢ አለ። ቀስ እያለ፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት እግሩን እየሞከረ ሄደ።

ከቡናው በኋላ ኦስሞ ጠጋ አለኝ። "ጎማው አሁንም አለ። ልያዝልሽ?"
"አያስፈልግም" አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ ወጣሁ።

ኤፕሪል 16፣ እሑድ
ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ የአንባቢ ጥያቄ፦ ለክረምት መንገድ ባለ ሚስማር ጎማ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ? በየዓመቱ ይመጣል። መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከተማ ውስጥ እንዲህ፣ ገጠር እንዲያ። ለሌላ ሰው ሰጠሁት።

እኔ በዚያው ጎማ ኮርፒን ወርጃለሁ፣ ወጥቻለሁ። ጎማው ጥፋት የለበትም። ግን ከመግዛቴ በፊት አንዴ አጠገቡ ተቀምጬ፣ "አባባ፣ እንዴት ነው የምትነዳው?" ብዬ ብጠይቀው ኖሮስ... አንድ ጥያቄ ነበር።

ሜይ 20፣ ቅዳሜ
ሙቀት። የበርች ዛፎቹ ቅጠል አውጥተዋል። አባባ ራሱ ደወለ። "አርቪ ጋ እንሂድ" አለ። አርቪ ቤት አላለም።

ስደርስ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። ቁልፉን ሰጠኝና ሳልጠይቀው ጋቢና ገባ። በራሱ መኪና ዕድሜውን ሙሉ ከመሪው ተነስቶ አያውቅም፤ ከዚያ ከጃንዋሪው ቀን በቀር። ኮርፒ ደረቅ ነው። የትኛውም ጎማ ይሄድበታል። እጁ ጭኑ ላይ ነበር፤ እጀታውን አልያዘም። መንገዱንም አላየውም።

እንጨት ፈለጠ፣ ሳውናውን አሞቀ። ላግዝህ ስለው እንቢ አለኝ። ብቻውን ገባ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ውሃ ሲደፋበት፣ የጋለው ድንጋይ ሲጮህ ይሰማኛል።

"ልጨምር?" አለ ከውስጥ።

እኔን መስሎኝ ልመልስ ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ ጠበቀ፤ አርቪ መልስ ለመስጠት የሚወስድበትን ያህል። ከዚያ ጨመረ።