ከችግኙ ጋር የመጣው ጥንዚዛ

ለታናሽ ወንድሜ፤ ሰላምታዬ ከቁጣዬ ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ጥንዚዛው አላስቀምጥ ከማለቱ በቀር ደህና ነን።

ለእማዬ ከባሕር ማዶ ያስመጣህላት የአበባ ችግኝ አፈሩ ውስጥ ጉድ ይዞ መጣ። ነቀዝ የሚመስል አፈ ሹል ጥቁር ጥንዚዛ ነው። ትሉ ሥሩን ይበላል፤ ያደገው ደግሞ ቅጠሉን ዳር ዳሩን ይሸረክታል። ሙቀቱ ሲጨምር በመስኮት እየገባ ግድግዳውንም አልጋውንም ወረሰው። ለሰፈራችን ችግኝ ሻጭ ብነግረው «ሰው አይነክስ፤ ምን አስጮኸሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ጥርሱ ይርገፍ!

ነቅዬ ላቃጥለው ስነሳ እማዬ በሩ ላይ ተገተረች። «ልጄ የላከልኝን? አንድ ቅጠል እንኳ ሳይነካ?» አለችኝ። ቅጠሉ ተበጫጭቋል። እጇን ያሳረፈችበት ግድግዳ ላይ ጥንዚዛው ይርመሰመሳል። ንዴቴን መቻል አቅቶኝ ጮህኩባት።

እሷም ከእኔ ብሳ መናደድ ሆኗል ሥራዋ። ያን ሁሉ ዘመን ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴትዮ ዛሬ ደንበኞቿን እየመለሰች፣ «የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳ የለውም» ብላ ከባለሱቁ ጋር ተጣልታለች።

ጎረቤት በሄደችበት ቀን ችግኙን በሙሉ ነቅዬ አቃጠልኩት። ስትመለስ ታንቀኛለች ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ ግን ጠዋት ጠዋት ባዶውን መሬት ታጠጣለች። «እንዴት አምሮበታል!» ትለኛለች፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ «አዎ» እላለሁ።

ሌላ ችግኝ ልትልክ አስበሃል አሉ። ተወው! ራስህ ና፤ ደግሞም ቶሎ ና። እንደ ልማድህ ግን ድንገት ዘው አትበልባት፤ በሩ ላይ ቆመህ ጮክ ብለህ ስምህን ንገራት።

እማዬ ጉንጭህን ስማለች። እስክንገናኝ በደህና ያቆይህ።

የተቆጣችው እህትህ